ከአሮጌ ዕቃ የሚበቅል ጓሮ

ከመትከላችን በፊት ዕቃው ቀድሞ ምን ይዞ እንደ ነበረ እንጠይቅ

በቤት ውስጥ የሚገኝ ዕቃ ሁሉ ሥራውን የሚጨርስበት ቀን አለው። ጀሪካን ይቀደዳል፤ ሳፋ ይሰነጠቃል፤ ድስት ቂጡ ይበሳል፤ እንስራ ከንፈሩ ይሸረፋል። ከዚያ በኋላ ዕቃው በረንዳ ላይ ተጥሎ አቧራ ሲለብስ ይከርማል፤ አለዚያም «ቁራሌው!» ወይም «ልዋጭ!» እያለ በየደጃፉ ለሚዞረው ነጋዴ በጥቂት ብር ይሰጣል። ይሁን እንጂ ውሃ መያዝ ያቃተው ዕቃ አፈር መያዝ አያቅተውም። እንዲያውም ተክል ውሃ ሲተኛበት ሥሩ ስለሚበሰብስ፣ የሚያፈስ ዕቃ ይበልጥ ይስማማዋል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን አሮጌ የቤት ዕቃ እንዴት የአትክልት ማሳደጊያ እንደሚሆን፣ ከዚህም ጋር የትኛው ዕቃ ለምግብ ተክል እንደሚበጅና የትኛው እንደማይበጅ እንመለከታለን።

ጉዳዩ ለማንኛውም ቤተሰብ ይጠቅማል፤ በተለይ ግን እንደ ቂሊንጦ ባለ አዲስ ሰፈር ለሚኖሩ እናቶች ቅርብ ነው። ቂሊንጦ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የምትገኝ ስትሆን ከጥቂት ዓሥርተ ዓመታት በፊት እህል የሚዘራባት የገጠር ምድር ነበረች። በ2004 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረባት፤ በ2007 ዓ.ም. ቢራ ፋብሪካ ተመረቀባት፤ የኢንዱስትሪ ፓርክም ተተከለባት። ከሁሉ ይበልጥ መልኳን የለወጡት ግን የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ናቸው።

ወደነዚህ ሕንፃዎች ከገቡት ቤተሰቦች መካከል ብዙዎቹ ከመሀል ከተማ የመጡ ናቸው። የቀድሞው ቤት ጠባብና አሮጌ ቢሆንም ደጃፍ ወይም ትንሽ ጓሮ አያጣም ነበር። ለቡናው ጤና አዳም፣ ለሽሮው በሶብላ፣ ለጾሙ ወጥ ጎመን ከዚያው ይቀጠፋል። በአራተኛ ፎቅ ላይ ግን ጓሮ የለም። ያለው ሁለት እርምጃ የምታህል በረንዳ ናት። ይህችን በረንዳ ጓሮ ለማድረግ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ አብዛኛው ዕቃ እዚያው ቤት ውስጥ አለ።

ልማዱ ከጥንትም የነበረ ነው

አሮጌን ዕቃ ለሌላ ሥራ ማዋል ለአገራችን ሴቶች አዲስ ትምህርት አይደለም። የጠላ ጋን ሲሰነጠቅ በጓሮ ተቀምጦ አበባ ይተከልበታል፤ የተሰበረ ምጣድ ለዶሮ ውሃ ማጠጫ ይሆናል፤ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ የበሶብላ ማሳደጊያ ሆኖ በመስኮት ይሰለፋል። በመርካቶ የሚገኘው ምናለሽ ተራም የቆመው በዚሁ ጥበብ ነው። እዚያ አሮጌ በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ይወጣዋል።

በጎረቤት አገር በኬንያም የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። በናይሮቢ ከተማ ኪቤራ በተባለው የተጨናነቀ ሰፈር፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ከምርጫ በኋላ የተነሣው ሁከት የምግብ ችግር ባስከተለ ጊዜ፣ ነዋሪዎች በአፈር በተሞላ ከረጢት ጎመን እንዲተክሉ የሚያግዝ ሥራ ተስፋፍቶ ነበር። ከረጢቱ ቁመቱን ቆሞ ከላዩም ከጎኑም ስለሚተከልበት ብዙ መሬት አይሻም። በእኛም አገር በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» መርሐ ግብር ቤተሰብ በደጃፉ ምግብ እንዲያመርት የሚያበረታታ ነው። እንግዲህ በረንዳም ደጃፍ ነውና ከዚህ ሥራ ውጭ ሊሆን አይገባውም።

ለምን በቤታችን እንትከል?

አንድ ሰው «ጎመን በገበያ ሞልቶ ሳለ ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው?» ሊል ይችላል። መልሱ ከወጪ ቁጠባ አልፎ የጤና ጉዳይ ነው።

ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የተባሉት ሁለት ወንዞች የአዲስ አበባን የመኖሪያ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ውሃቸው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኝና ወደ አዋሽ ይዘልቃል። በነዚህ ወንዞች ዳርቻ ለብዙ ዓመታት ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን እየለማ ለከተማው ገበያ ሲቀርብ ኖሯል። በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት፣ በከተማው ውስጥ በፒኮክና በቄራ አካባቢ ከበቀሉ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ናሙና ወስዶ መርምሮ ነበር። በፒኮክ ሊድን ጨምሮ አንዳንድ ብረቶች ለአትክልት ከተፈቀደው መጠን በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ክሮሚየም የተባለው ደግሞ በሁለቱም ስፍራ ከመጠን ያለፈ ነበር።

በዚህ ጥፋተኛው አርሶ አደሩ አይደለም፤ ፍሳሹን ወደ ወንዝ የሚለቀው ሌላ ነው። ዳሩ ግን እናት ለልጇ የምታበላው ቅጠል በምን ውሃ እንደ ጠጣ ለማወቅ ብትሻ ይፈረድባታል? በራሷ በረንዳ የበቀለውን ቆስጣ ግን ከዘሩ እስከ ውሃው ታውቀዋለች። የበረንዳ አትክልት ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ማወቅ ነው። ከወንዙ መርዝ ሸሽተን መርዝ በነበረበት ቆርቆሮ ከተከልን ግን ይህ ጥቅም ከንቱ ይቀራል።

ዕቃውን ጠይቁት

ስለሆነም አሮጌ ዕቃ ስታነሡ «ያምራል ወይ?» ከማለታችሁ አስቀድማችሁ «ቀድሞ ምን ነበረበት?» በሉ። በዚህ ጥያቄ መሠረት ዕቃን በሦስት መክፈል ይቻላል።

አንደኛው ክፍል ምግብና ውሃ ብቻ የያዘ ዕቃ ነው። የምግብ ዘይት ጀሪካን፣ የመጠጥ ውሃ ባልዲ፣ የሊጥ ቡሃቃ፣ የእህል ማዳበሪያ (ከረጢት)፣ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ እንስራ፣ ገንቦና ጋን በዚህ ይመደባሉ። እነዚህ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበው፣ በሚገባ ተለቅልቀው፣ ለማንኛውም የሚበላ ተክል ሊውሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው ክፍል ታሪኩ የማይታወቅ ወይም የሚያጠራጥር ነው። ከገበያ የተገዛ ባለቤቱ ያልታወቀ ጀሪካን፣ የመኪና ጎማ፣ ቀለሙ የሚላላጥ አሮጌ መሳቢያ፣ ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራ ድስት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። እነዚህን ለአበባና ለጌጥ ተክል ብቻ እናውላቸው።

ሦስተኛው ክፍል ጭራሽ ወደ ቤት መግባት የሌለበት ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ፣ የመኪና ባትሪ፣ የፋብሪካ ኬሚካል የነበረበት በርሜልና ጀሪካን ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። ሦስት ጊዜ ቢታጠቡ፣ ዐሥር ጊዜ ቢታጠቡ ለምግብ አይሆኑም። ፕላስቲክ የነካውን ኬሚካል ይመጥጣልና ሽታው ቢጠፋም መርዙ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

በቂሊንጦና በመሰል ሰፈሮች ለብቻው ማንሣት የሚገባን አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም የቀለም ባልዲ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሰው ሰው ግድግዳውንና ወለሉን ራሱ ስለሚያስጨርስ፣ የቀለም ባልዲና የቀለም ቆርቆሮ የማይገኝበት ደረጃ ሥር የለም። ባልዲው ጠንካራ ነው፤ እጀታ አለው፤ መጠኑም ለቲማቲም ልክ ነው። ስለዚህ እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደርሱ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ቀለም፣ በተለይ ለብረትና ለእንጨት የሚቀባው የዘይት ቀለም፣ ሊድ ወይም እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳያልፍ ወስኗል። ይሁንና ከዚያ በፊት የተሠራ ቆርቆሮ በየቤቱ ስለማይታጣ፣ የቀለም ዕቃ የአበባ ዕቃ ብቻ ይሁን።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሊድ ጉዳቱ የሚከፋው በሕፃናት ላይ ነው። የአእምሮን ዕድገት ይገታል፤ ትምህርት የመቀበል ችሎታን ይቀንሳል፤ በነፍሰ ጡር እናት በኩልም ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። የዓለም የጤና ድርጅት «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል የሊድ መጠን እንደማይታወቅ ያስገነዝባል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የዩኒሴፍ ዘገባ፣ በዓለም ላይ ከሦስት ሕፃናት የአንዱ ያህል፣ ማለትም እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ ሕፃናት፣ በደማቸው ውስጥ አሳሳቢ መጠን ያለው ሊድ እንዳለ ገልጿል። ሊድ ሽታም ጣዕምም ስለሌለው እናት በምላሷ ቀምሳ፣ በአፍንጫዋ አሽትታ ልትለየው አትችልም። የሚያድናት አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

በጀሪካን ቂጥ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታተመው ቁጥርም እንዳያታልላችሁ። 2 ወይም 5 የሚል ቁጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ይናገራል እንጂ በውስጡ ምን እንደ ነበረ አይናገርም።

አዘገጃጀቱ

ዕቃው ከተመረጠ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። ባለ 20 ሊትሩን የዘይት ጀሪካን በጎኑ አስተኝቶ ከላይ የሆነውን ጎን በቢላዋ መክፈት ረጅም መደብ ያስገኛል። ከሥር በኩል አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ሚስማር በእሳት ግሎ በፒንሳ ተይዞ ፕላስቲኩን ቢወጉት ሳይሰነጠቅ ይበሳል፤ ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ይህ ሥራ ከቤት ውጭ፣ ልጆች ራቅ ብለው ይከናወን። የተቆረጠውን ጠርዝ በሙቅ ብረት ወይም በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ እጅ እንዳይቆርጥ ይረዳል። በየቀዳዳው ላይ የተሰበረ ምጣድ ወይም የጀበና ስባሪ ቢቀመጥበት ውሃው ይወርዳል፤ አፈሩ አይወርድም።

ቀጥሎ የሚመጣው የአፈር ጉዳይ ነው። የአቃቂ አካባቢ ጥቁር አፈር ለእህል የተመሰገነ ቢሆንም በዕቃ ውስጥ ለብቻው አይሆንም። ሲረጥብ አብጦ እንደ ጭቃ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ጡብ ይመስላል። ስለዚህ ከጥቁሩ አፈር አንድ እጅ፣ ከብስባሽ አንድ እጅ፣ ከአሸዋ ወይም ለመንገድ ከሚደለደለው ቀይ አሽ አንድ እጅ አድርጎ መቀላቀል ይሻላል። አፈሩን ከወንዝ ዳር፣ ከጋራዥ አጠገብና ከዋና መንገድ ጠርዝ አናምጣ። ዕቃው እስከ አፉ አይሞላም፤ ሦስት ጣት ያህል ቢጎድል ውሃ ሲጠጣ አፈሩ አይፈስም።

ብስባሹንም በቤት ማዘጋጀት ይቻላል። የሽንኩርትና የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የቡና አተላ፣ ከደረቅ ቅጠል ወይም ከተቀደደ ወረቀት ጋር እየተደራረበ ቀዳዳ ባለው ባልዲ ይቀመጣል። በየሳምንቱ ይገላበጣል፤ ጥቂት ወራት ሲቆይም አፈር አፈር መሽተት ይጀምራል። ሥጋ፣ ቅባትና የተረፈ ወጥ ግን አይጨመርበት፤ ሽታ ያመጣል፣ አይጥም ይጠራል።

ምን በየትኛው ይተከል?

ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ናናና የጥብስ ቅጠል ብዙ አፈር አይጠይቁም፤ ከ2 እስከ 5 ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ ወይም የተሰበረ ገንቦ ይበቃቸዋል። ሰላጣና ቆስጣ አንድ ስንዝር ጥልቀት ካገኙ ይደርሳሉ፤ በተኛው ጀሪካን ውስጥ ሦስት የቆስጣ እግር ይተከላል። ቃሪያ ለአንድ እግር 10 ሊትር ያህል፣ ቲማቲም ደግሞ እስከ 20 ሊትር አፈር ይፈልጋል። ጎመን በከረጢት ጥሩ ይሆናል፤ በከረጢቱ መሐል ለመሐል ኮረት እንደ ምሰሶ እየተደረደረ አፈሩ በዙሪያው ቢሞላ ውሃው እስከ ታች ይደርሳል።

ቆስጣና ጎመን ሲደርሱ ከሥር አይነቀሉ፤ የውጭው ቅጠል እየተቀጠፈ መሐሉ ቢተው ለወራት ይሰጣሉ። አራት ጀሪካን ያላት እናት ዐሥራ ሁለት የቆስጣ እግር አላት ማለት ነው፤ ከዚህም በሳምንት አንድ ጊዜ ለቤተሰብ የሚሆን ቅጠል ሊወጣ ይችላል። ይህ የገበያን ወጪ ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም ለምሳ ሰዓት የማያሳፍር ነው።

ፀሐይን በሚመለከት ቅጠላ ቅጠል በቀን አራት ሰዓት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ስድስት ሰዓት ያህል ቢያገኙ መልካም ነው። በአዲስ አበባ በበጋው ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ደቡብን የሚያይ በረንዳ በዚያ ወቅት ይታደላል። ሰሜንን የሚያየው ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘው በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው። ምሥራቅና ምዕራብን የሚያዩት ዓመቱን ሙሉ ግማሽ ቀን ይደርሳቸዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ቲማቲሙን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ማታ በጆንያ መሸፈን ያሻል።

ውሃ፣ ክብደትና ጎረቤት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለአትክልት የሚተርፍ ከየት ይገኛል? ሩዝ፣ ምስርና አትክልት የታጠበበት ውሃ ለተክል ይበጃል። ጨው የገባበት የፓስታ ውሃ፣ በረኪና ወይም ዱቄት ሳሙና ያለበት የልብስ እጣቢ ግን ተክሉን ይጎዳል። ለትልቅ በርሜል ወይም ለሰፊ ሳፋ ደግሞ የገንቦ ዘዴ አለ። ውሃ የሚያልብ ትንሽ የሸክላ ገንቦ እስከ አንገቱ በአፈሩ ውስጥ ይቀበርና በውሃ ተሞልቶ አፉ ይከደናል። ገንቦው ውሃውን ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ስለሚያሳልፍ በየቀኑ ማጠጣት ይቀራል።

ክብደቱም ሊዘነጋ አይገባም። በእርጥብ አፈር የተሞላ ባለ 20 ሊትር ዕቃ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ በግድግዳው ሥር፣ መሬት ላይ ይቀመጥ። በበረንዳ ብረት ላይ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ድስት ለዓይን ቢያምርም ከአራተኛ ፎቅ ቢወድቅ በሥር የሚጫወተውን ሕፃን ሊገድል ይችላል። ከየዕቃው ሥር አሮጌ ሰሐን ወይም ትሪ ማድረግ ደግሞ የጭቃ ውሃ በታችኛዋ ጎረቤት ልብስ ላይ እንዳይንጠባጠብ ያደርጋል። ደረጃውና ግቢው የጋራ ንብረት ስለሆኑ እዚያ ለመትከል የሚሻ ሰው የነዋሪዎችን ማኅበር ማማከር ይገባዋል፤ ማኅበሩ ከተስማማም የአንድ በረንዳ ሥራ የሕንፃው ሁሉ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ለእናት ብቻ የሚተው ሸክም አይደለም። ጀሪካን መቁረጥና አፈር ማውጣት የባልም ሥራ ነው፤ ውሃ ማጠጣትና ቅጠል መቁጠር ልጆችን ያስደስታል፣ ያስተምራልም። ከአፈር ሥራ በኋላ እጅን መታጠብ፣ የተቀጠፈውንም ቅጠል በንጹሕ ውሃ ማጠብ የሁሉም ልማድ ይሁን።

አዲስ ሰፈር ሰው ቶሎ የማይተዋወቅበት ቦታ ነው። ነገር ግን በቡና ሰዓት አንዷ ከቤቷ ጤና አዳም ይዛ ስትመጣ፣ ሌላዋ የበሶብላ ዘር ስታካፍል፣ ትውውቁ ይጠነክራል። እንግዲህ ለጎረቤት ችግኝ ስንሰጥ ምክሩንም አብረን እንስጥ፤ «በምን ዕቃ ልትተክይው አሰብሽ? ቀድሞስ ምን ነበረበት?» እንበላት። የዘይት ጀሪካኗን ለቆስጣ፣ የቀለም ባልዲዋን ለአበባ ካዋለችው በረንዳዋም ያምራል፤ ልጆቿም የሚበሉትን ታውቃለች።